ምዕራፍ 6፦ የቀኑ ፀሐይ የት ይደር?

በበጋ ወራት የኢትዮጵያ ደጋ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ወቅት ያሳያል። በኅዳርና በታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ከቀትር በኋላ አየሩ 22 ወይም 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ 8 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ደብረ ብርሃንማ ውርጭ የሚጥልባቸው ሌሊቶች አሏት። ብርድ ልብስ ደራርቦ የሚተኛ ሰው የሚያስፈልገው ሙቀት ከጥቂት ሰዓታት በፊት ደጁ ላይ ፈስሶ ነበር። ችግሩ የፀሐይ እጥረት አይደለም፤ ቀን የመጣው ፀሐይ የሚያድርበት ቦታ ማጣቱ ነው። ቤትን ያለ ማሽንና ያለ ማገዶ በፀሐይ የማሞቅ ሙያ በአብዛኛው የሚያርፈው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው፦ ሙቀቱን ተቀብሎ እስከ ሌሊት የሚያቆየውን አካል፣ በዚህ ምዕራፍ ሙቀት ያዥ የምንለውን፣ ከምን እንሥራው? የትስ እናስቀምጠው?

የተለመደው መልስ አጭር ነው፦ ወፍራምና ከባድ አድርገህ በድንጋይ ገንባ። መልሱ ግማሽ እውነት አለው፤ ግማሽነቱ ግን ብዙ ገንዘብ አስወጥቶ ቀዝቃዛ ቤት ያስረክባል። ክብደት ብቻውን ሙቀት ቢሆን ኖሮ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውስጣቸው የሞቀ በሆነ ነበር። ነገር ግን ፀሐይ የማያገኘው ጥልቅ አለት የሚይዘው የአካባቢውን የዓመት አማካይ የአየር ሙቀት ነው፤ ቀንም ሌሊትም፣ በጋም ክረምትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። አዲስ አበባ ላይ ይህ አማካይ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፀሐይ ያላየው ከባድ ግድግዳ ሊሰጠን የሚችለው ይህንኑ 16 ዲግሪ ነው፤ ቁጭ ብሎ ለሚሠራ ሰው ወይም ለሕፃን ደግሞ 16 ዲግሪ ብርድ ነው። ስለዚህ ሙቀት ያዥን በክብደቱ መምረጥ ስህተት ነው እላለሁ። የሚመረጠው ፀሐይ በምታገኘው ፊቱ፣ ሙቀት በአንድ ቀን ሊደርስበት በሚችለው ጥልቀቱና ጀርባው ላይ በሚደረግለት መከላከያ ነው። የቁሱ ዓይነት የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ከመጠኑ እንጀምር። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 4,180 ኪሎጁል ይፈልጋል። ለንጽጽር፣ በቆጣሪ የምንከፍልበት አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3,600 ኪሎጁል ነው። ተመሳሳይ ይዘት ያለው ብረት 3,500፣ ጥቁር ድንጋይ 2,400፣ ድፍን ኮንክሪት 2,000፣ የደረቀ ጭቃና የሸክላ ጡብ ከ1,400 እስከ 1,500፣ እንጨት ደግሞ 900 ኪሎጁል ያህል ይይዛል። አየር በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አንድ ኪሎጁል እንኳ አይሞላም። አራት በአምስት ሜትር የሆነ ክፍል ውስጥ ያለው አየር ሁሉ ተደምሮ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ የሚፈልገው 50 ኪሎጁል ገደማ ሲሆን፣ የዚያው ክፍል ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ቢሆን ብቻውን 4,000 ኪሎጁል ይይዛል። ልዩነቱ ሰማንያ እጥፍ ነው። ሰፊ መስኮት ኖሮት ወለሉ በወፍራም ምንጣፍ የተሸፈነ ሳሎን ስምንት ሰዓት ላይ የሚያፍነውና ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የሚበርደው ለዚህ ነው፤ የገባው ሙቀት ከአየሩ በቀር ማረፊያ አላገኘም፣ አየሩም ወዲያው ይዞት ይወጣል።

እነዚህን ቁጥሮች ብቻ ያየ ሰው ውሃንና ብረትን መርጦ ጉዳዩን ሊዘጋ ይችላል። ሆኖም ሙቀት ወደ ቁሱ ሆድ ለመግባት ጊዜ ይፈጅበታል፤ ያለው ጊዜ ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ነው። ወፍራም የሸክላ ምጣድ ከሥሩ እሳት ሲነድበት ላዩ እስኪግል የሚያስጠብቀው፣ እሳቱ ከጠፋም በኋላ እንደጋለ የሚቆየው በዚሁ ሕግ ነው። ፀሐይ በቀን አንዴ መጥታ በምትሄድበት ሥርዓት የሙቀቱ ሞገድ ኮንክሪት ውስጥ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲገባ ኃይሉ ከሦስት አንድ እጅ ትንሽ ወደሚበልጥ መጠን ይወርዳል፤ ጭቃ ውስጥ ይህ የሚሆነው 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ እንጨት ውስጥ 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር ላይ። ከዚያ በስተጀርባ ያለው ውፍረት ጣራ ይሸከም ይሆናል፣ ድምፅ ይከላከል ይሆናል፤ ከቀን ወደ ሌሊት በሚደረገው የሙቀት ቅብብል ውስጥ ግን ድርሻው ትንሽ ነው። ሰማንያ ሳንቲ ሜትር የሆነ የድንጋይ ግንብ ከሃያ ሳንቲ ሜትሩ አራት እጥፍ የሚሞቅ የሚመስለው ሰው ዋጋውን አራት እጥፍ ከፍሎ ጥቅሙን እምብዛም አያገኝም። ስፋት ከውፍረት ይበልጣል፤ አሥር ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሃያ ካሬ የሚሸፍን ሙቀት ያዥ፣ አርባ ሳንቲ ሜትር ሆኖ አምስት ካሬ ከሚሸፍነው እጅግ ይሻላል።

ነገሩን በስሌት እንየው። ወደ ደቡብ የሚያይ 4 ካሬ ሜትር መስታወት ያለው ክፍል ይኑረን፤ በጠራ የታኅሣሥ ቀን በእያንዳንዱ ካሬ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት አስገባ እንበል። ድምሩ 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ 6ቱን ለሌሊት ማስቀመጥ ብንፈልግና ሙቀት ያዡ ከጧት እስከ ማታ በ5 ዲግሪ ብቻ ከፍ ዝቅ እንዲል ብንፈቅድለት፣ የሚያስፈልገን በእያንዳንዱ ዲግሪ 4,300 ኪሎጁል ያህል የሚይዝ አካል ነው። በኮንክሪት ሲሰላ ከ2 ሜትር ኩብ ትንሽ ይበልጣል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ኖሮት 22 ካሬ ይሸፍናል፣ ማለትም የአንድ መካከለኛ ክፍል ወለል ነው። በጭቃ 3 ሜትር ኩብ፣ 30 ካሬ፣ ማለትም የክፍሉ ግድግዳዎች የውስጥ ልስን ከነመደቡ። በውሃ አምስት በርሜል። በእንጨት ግን አምስት ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል፤ ሙቀቱ በሚገባ የሚደርሰው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነም አንድ መቶ ካሬ የሚጠጋ ፊት ይጠይቃል። ጣውላና ፓርኬ ለእግር የሚለሰልሱት ሙቀት ስለማይወስዱ ነው፤ በዚያው ምክንያት ፀሐይንም አያሳድሩም።

የመስታወቱ ነገር ግን የሚወሰነው በቦታው ነው፤ ከውጭ የመጣ ዕውቀት እዚህ ላይ ይስታል። በዚህ መስክ ስሙ የሚነሳው ግድግዳ የፈረንሳዊው መሐንዲስ የፌሊክስ ትሮምብ ነው። ትሮምብ ከአርክቴክቱ ከዣክ ሚሼል ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 በፒሬኔ ተራሮች ኦዴዮ ላይ በሠራው ቤት ወፍራሙን የኮንክሪት ግድግዳ ጥቁር ቀብቶ ከፊቱ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት መስታወት አቆመ፤ ተመሳሳይ ሐሳብ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1881 የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበት ነበር። ፀሐይ ግድግዳውን በውጭ በኩል ታግለዋለች፣ ሙቀቱም ከሰዓታት በኋላ ወደ ክፍሉ ይደርሳል። ኦዴዮ ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 24 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለምትል ቋሚ መስታወትን ፊት ለፊት ትመታዋለች። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ቀን 57 ዲግሪ ትወጣለች። ቋሚ መስታወት የሚያገኘው ከጨረሩ ኃይል ኦዴዮ ላይ 91 በመቶ ሲሆን እዚህ 54 በመቶ ነው። ከዚህ በላይ የትሮምብ ግድግዳ የሚግለው ፊቱ ወደ ውጭ ስለሆነ፣ ሌሊት ካልተሸፈነ የያዘውን ከፊል ለውጭው ብርድ ይመልሳል። ፒሬኔ ላይ የሠራ ስለሆነ ብቻ ደብረ ብርሃን ላይ ቢደገም ያዋጣል ማለት አይቻልም።

የፀሐይዋ ከፍታ ግን በረከትም አለው። የላይኛው ጠርዙ 2.1 ሜትር ላይ በሆነ የደቡብ መስኮት የምትገባ የታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ወለሉ ላይ የምትዘልቀው 1.3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ብርሃኑ በጠባብ መቀነት ላይ ተሰብስቦ ይወርዳል፤ ስለዚህ ዋናው ሙቀት ያዥ መኖር ያለበት እዚያው፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ወለል ላይ ነው። መጋቢት ላይ ፀሐይ ወደ አናታችን ስትመጣ ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ ቀትር ላይ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ መስታወት ያጠላል፤ ያው ክፈፍ በታኅሣሥ የሚያጠላው ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምትዞር የደቡቡ መስኮት በቀጥታ አያያትም። በብርድ ወር የሚከፍት፣ በሙቀት ወር የሚዘጋ እንዲህ ያለ በር ያለምንም ማሽን ማግኘት ለአርክቴክት ትልቅ ስጦታ ነው፤ አዲሶቹ ቤቶቻችን ወደ መንገዱ እንጂ ወደ ደቡብ ሳያዩ መሠራታቸው ያሳዝነኛል።

የቁሱ ምርጫ ከዚህ በኋላ ግልጽ ይሆናል። ጨረር በቀጥታ የሚያርፍበት መቀነት ጠንካራና ሙቀትን ፈጥኖ ወደ ውስጥ የሚያሳልፍ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ላዩ ብቻ ግሎ ሙቀቱን መልሶ ለአየሩ ይሰጣል። ጥቁር ድንጋይ ንጣፍ ወይም ጠቆር ያለ ድፍን ሲሚንቶ ሊሾ ለዚህ ቦታ የሚወዳደረው የለም፤ የአዲስ አበባ ዙሪያም በጥቁር ድንጋይ የተሞላ ነው። ቀሪው የክፍሉ ፊት ግን ሙቀቱን የሚያገኘው በሁለተኛ እጅ፣ ከወለሉና ከአየሩ፣ ቀስ ብሎ ነው። ለዚህ ደግሞ ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ፣ ተጠቅጥቆ የተሠራ የአፈር ጡብ ወይም የሸክላ ጡብ በስፋቱ ይሠራዋል። በከተሞቻችን የተንሰራፋው ብሎኬት ሁለቱንም አያሟላም። ሆዱ ባዶ ስለሆነ የሚይዘው ሙቀት ከድፍኑ ያንሳል፣ ያለው ሲሚንቶ ደግሞ ብርድን ለማገድ አይበቃም። ብሎኬት የግድ ከሆነ የውስጥ ግድግዳዎቹን ባዶ ሆድ በአፈር ወይም በአሸዋ መሙላት ቀላል ማሻሻያ ነው፤ የውጭ ግድግዳው ግን መከላከያ ይፈልጋል።

ስለ ጭቃ ይህን ያህል ከተባለ፣ "ታዲያ ወደ አባቶቻችን ጎጆ እንመለስ" የሚል መኖሩ አይቀርም። ሐሳቡን በአክብሮት ልየው፤ የአገር ቤት ጎጆ ብርድን የሚያውቁ ሰዎች ሥራ ነውና። ነገር ግን ጎጆው የሚሞቀው በፀሐይ አልነበረም፤ መስኮቱ ትንሽ ነው ወይም የለም። የሚሞቀው መሐሉ ላይ በሚነድ እሳት ነበር፤ የጭቃው ግድግዳና መደቡ የእሳቱን ሙቀት ይይዛሉ፣ ወፍራሙ የሣር ክዳን ደግሞ ሙቀቱ በላይ እንዳያመልጥ ያግዳል። ዛሬ እሳቱ ወደ ማዕድ ቤት ወጥቷል፤ በጢሱ ለሚጎዱ ዓይንና ሳንባዎች መልካም ሆኗል። ሣሩም በቆርቆሮ ተተክቷል። የቀረው ጭቃው ብቻ ነው፤ ሙቀት የሚሰጠውም በላዩ የሚጠብቅለትም የሌለው ጭቃ ብቻውን ተአምር አይሠራም። የሰሜኑን ህድሞ ከአፈር ጣራው ለይቶ ግድግዳውን ብቻ ማድነቅም እንደዚሁ ነው።

ቆርቆሮው ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል፤ በብዙ ቤቶች የሙቀት ያዡን ሥራ የሚያፈርሰው እሱ ነውና። ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ብረት በአንድ ካሬ የሚይዘው አንድ ኪሎጁል ተኩል ያህል ነው፤ ምንም ማለት ይቻላል። በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየላከ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል፤ ንጋት ላይ ከሥሩ የሚንጠባጠበው ጤዛ የዚህ ምስክር ነው። እንዲህ ባለ ጣራ ሥር የወለል ሙቀት ያዥ ማስቀመጥ ያለ ኮርኒስ ከንቱ ነው። ኮርኒሱ ላይ ደረቅ ጭድ፣ ፎም ወይም ሌላ ሙቀት አጋጅ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢደለደል ለሌሊቱ ሙቀት ከተጨማሪ ግንብ የበለጠ ይረዳል። ሕጉ ለግድግዳም ያው ነው፦ ሙቀት ያዡ ወደ ውስጥ፣ አጋጁ ወደ ውጭ። አጋጁን በውስጥ በኩል የለጠፈ ሰው ከባዱን ግድግዳውን ለውጭው ብርድ አሳልፎ ሰጠው ማለት ነው። ፀሐይ የሚያርፍበት ወለል ላይ ምንጣፍ ማንጠፍም የዚሁ ስህተት ታናሽ ወንድም ነው፤ ምንጣፉ ከመቀነቱ ወዲያ፣ ሰው በሚቀመጥበት በኩል ይሁን።

ውሃ በቁጥሩ ሁሉን ከበለጠ ለምን አልመረጥነውም የሚለው ጥያቄ አሁንም መልስ ይፈልጋል። ውሃ ሌላም ብልጫ አለው፤ ሲሞቅ ራሱ ስለሚዘዋወር የጥልቀት ገደብ አያስቸግረውም። አሜሪካዊው ስቲቭ ቤር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኒው ሜክሲኮ ኮራሌስ ውስጥ በሠራው ቤት የደቡቡን ፊት ውሃ በተሞሉ በርሜሎች ደርድሮታል፤ ቀን የሚወርድና ሌሊት የሚዘጋ መከላከያ ያለው መዝጊያም አበጅቶላቸዋል። ሥራው አስተማማኝ ነበር፤ በተለይ መዝጊያው ከበርሜሎቹ ያልተናነሰ ትምህርት ነው። ሆኖም በርሜል ይዝጋል፣ ያፈሳል፣ ጠባብ ክፍልን ያጣብባል። ቦታ ላለው ግን ሁለት ሦስት በርሜል በመስኮት ሥር ማስቀመጥ የወለልን እጥረት የሚሞላ ርካሽ መፍትሔ ነው፤ አንዱ ባለ 200 ሊትር በርሜል በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ከሁለት ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይይዛል።

ከውሃም አልፎ የሚቀልጥና የሚረጋ ጨው ተሞክሯል። በሀንጋሪ የተወለደችው ሳይንቲስት ማሪያ ቴልከስ እ.ኤ.አ. በ1948 በማሳቹሴትስ ዶቨር በተሠራው ቤት በ32 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ የግላውበር ጨው ተጠቀመች፤ አንድ ኪሎው ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት ያው ክብደት ያለው ውሃ 5 ዲግሪ ሲሞቅ ከሚወስደው አሥር እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን ጨው በቀለጠና በረጋ ቁጥር ክፍሎቹ እየተለያዩ ሄዱ፤ ከጥቂት የብርድ ወቅቶች በኋላም ሥርዓቱ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። ሐሳቡ አልሞተም፤ ዛሬ የተሻሻሉ ዓይነቶቹ በገበያ አሉ። ድንጋይ ግን ለሺህ ዓመታት ሲሞቅና ሲበርድ ባሕርዩን አይቀይርም፤ ጥገና የሚያደርግ ባለሙያ በማይገኝበት ቦታ ይህ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል።

ሁለት ተቃውሞዎች ክብደት አላቸው። አንደኛው ክረምቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ፀሐይን ይሸፍናል፤ በአንጻሩ ደመናው ብርድ ልብስ ስለሚሆን አዲስ አበባ ላይ የክረምት ሌሊት ከበጋው ሌሊት ይልቅ አይበርድም፤ ብርዱ የሚሰማው ቀን ነው። ሙቀት ያዥ ለዚህ ወቅት የሚሰጠው ጥቂት መሆኑን መቀበል አለብን፤ እዚያ ላይ የሚረዳው የጣራው መከላከያና ንፋስ የማያስገባ በር ነው። ሁለተኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ያልታሰረ ከባድ የአፈር ግድግዳና ከባድ ጣራ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ አደጋ ናቸው። ይህ ተቃውሞ የክርክሩን አቅጣጫ ያጠናክረዋል እንጂ አይሽረውም፦ ክብደቱን ከላይ አውርደን ወለል ላይ ካስቀመጥነው ሊወድቅ አይችልም። ቆላውም ሌላ ነገር ነው፤ ሌሊቱ በማይቀዘቅዝበት በአፋር ሜዳ ከባድ ግንብ የቀኑን ግለት ሌሊት ይመልሳል፤ እዚያ የሚያስፈልገው ጥላና ንፋስ ነው።

ወደ ብርዱ አገር ስንመለስ፣ በሂማላያ ላዳክ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሚገኘው ፈይ መንደር፣ በሶናም ዋንግቹክና በባልደረቦቹ የተቋቋመው የሴክሞል ትምህርት ቤት ሕንፃ ከተጠቀጠቀ አፈር ተሠርቶ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ ውስጥ በፀሐይ ይሞቃል። በብርዱ ወቅት በደቡብ ፊቱ ላይ ፕላስቲክ ይዘረጋበታል፣ ሙቀቱ ሲመጣ ይነሳል። ከዚያ የምንወስደው የፕላስቲኩን ቅርጽ ሳይሆን አሠራሩን ነው፤ እነሱ አፈራቸውን፣ ከፍታቸውንና የፀሐያቸውን ማዕዘን ነው የለኩት።

የመጨረሻው መለኪያ ሰዓት ነው፤ ክፍሉን ሰው የሚፈልገው መቼ ነው? ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ግድግዳ ሙቀቱን ወደ ማዶ ለማድረስ 7 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ያው ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ 9 ሰዓት። ስለዚህ ቤተሰብ ማታ አንድና ሁለት ሰዓት ላይ ለሚሰበሰብበት ሳሎን ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት የድንጋይ ወለል ይሻላል፤ ከሳሎኑ ጋር በጭቃ ግድግዳ ለሚዋሰን መኝታ ቤት ሙቀቱ በእንቅልፍ ሰዓት ይደርስለታል። ሌሊቱን ሙሉ ሕመምተኛ የሚተኛበት የጤና ጣቢያ ክፍል ሁለቱንም፣ ከሌሊት መዝጊያ ጋር፣ ይፈልጋል። ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ተከፍቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚዘጋ መማሪያ ክፍል ግን ከባድ ሙቀት ያዥ ቢደረግለት ልጆቹ ወደ ቤት ከሄዱ በኋላ ባዶ ወንበር ያሞቃል። ለእሱ የሚበጀው ቀላል ግድግዳ፣ የታሸገ ኮርኒስና የመጀመሪያዋን የጧት ፀሐይ የሚቀበል የምሥራቅ መስኮት ነው።